የማይራገጥ ጠመንጃ ፍለጋ

ሰኞ። ፈተናው 40 ቀን ቀርቶታል።

ይህ ደብተር የእትዬ የትእዛዝ ደብተር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ላይ የሶፋ ቁመትና ወርድ ተጽፎባቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ነው። እትዬ የምሠራበት የወንበር ልባስ ቤት ባለቤት ናት። «ሐሳብሽን ጻፊበት፣ ምናልባት አፍሽ ያርፍ ይሆናል» ብላ ሰጠችኝ። አፌ አላረፈም። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት፤ ፊደል የገደፍኩ እንደሆነ የሒሳብ መምህሬን ጠይቁ፣ መሳቢያው ውስጥ ድመት ያገኘውን።

ዛሬ ከደን ጽሕፈት ቤት ወረቀት መጣ። ጋሼ ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደገመው። ጋሼ አጎቴ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ማለት ነው፣ ያሳደገኝ እሱ ነው። የሠፈሩን የበቆሎ እርሻ ከዱር አሳማ ሲጠብቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ወረቀቱ እንደሚለው ዘንድሮ ፈቃድ የሚታደሰው ተፈትኖ ላለፈ ብቻ ነው። በመቶ ሜትር ሦስት ጥይት፣ ሁለቱ ክቡ ውስጥ መግባት አለባቸው። ካልገቡ ፈቃዱም ሥራውም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ጋሼ በዚያ ወረቀት ጥርሱን ይጎረጉርበት ነበር። አሁን አራት ቦታ አጣጥፎ «ወረቀት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው።

ቤታችን ሁሉ ተለጥፎበታል። «ስኳር»። «ጨው»። «የጓሮ ቁልፍ»። «ምድጃውን አጥፋ»። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው። «ግንባሬ ላይ "የእህት ልጅ" ብለህ እስክትለጥፍብኝ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። አልሳቀም።

ረቡዕ። 38።

ቸኩያለሁ፤ ስድስት ወንበር እስከ ምሳ መውጣት አለበት።

ጠዋት ከመጋዘኑ ኋላ ተኮሰ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱም አፈር። ሰደፉን ትከሻው ላይ ሲያስጠጋ ከንፈሩን ይነክሳል። ቃታውን ሳይስብ ገና ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል፣ ክርኑም ይርገበገባል። ድምፁ ሳይመጣ ቀድሞ ይደነግጣል።

«ነፋስ ነው» አለ።

ቅጠል አይነቃነቅም ነበር።

«አዎ፣ ነፋስ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ እንግዲህ ይህን ያልኩት፣ በሰው ካልቀለድኩ ምሳ የማይወርድልኝ።

ዓርብ። 36።

በምሳ ሰዓት የአዳኞች ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ባለሱቁን ሰው ሁሉ ሚዛን ይለዋል፤ ቃል እንኳ ሳይመዝን አይናገርም። ገና ስገባ ሁለቱን እጆቹን የመስተዋት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ባለፈው የገባሁ ጊዜ የደወሉን ምላስ በጥጥ ጠቅልዬበት ነበር።

«ዛሬ ለቁም ነገር ነው የመጣሁት» አልኩት። «ለአጎቴ ጠመንጃ እፈልጋለሁ። ትከሻው ታሟል። በጣም ቀላሉን ስጡኝ፣ ላባ የሚያክለውን።»

ከመደርደሪያው አንድ አውርዶ ሰጠኝ። በአንድ እጄ አነሳሁት። እንደ መጥረጊያ ይቀላል።

«በቃ ይሄ ነው!»

«ይሄ የአጎትሽን ትከሻ ነቅሎ ለጎረቤት ነው የሚሰጠው» አለ። «ታንኳ ላይ ቆመሽ ድንጋይ ወርውረሽ ታውቂያለሽ?»

«ታንኳ ገልብጬ አውቃለሁ።»

«አልጠራጠርም። ድንጋዩን ወደ ፊት ስትወረውሪ ታንኳው ወደ ኋላ ይሄዳል። ትንሽ ታንኳ ከሆነ ብዙ ይሄዳል፤ ትልቅ ከሆነ ንቅንቅ ይልና ይቆማል። ጠመንጃውም እንደዚያው ነው። የሚቀለው ነው የሚራገጠው። ለታመመ ትከሻ ከበድ ያለ ጠመንጃ፣ ቀለል ያለ የጥይት እርሳስ፣ ልከኛ ባሩድ ነው የሚፈለገው።»

«እርሳሱ እስከ ምን ድረስ ይቅለል?»

«አሳማው በአንድ ጥይት እስከወደቀ ድረስ። ከዚያ በታች ከቀለለ አሳማው ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሦስት ቀን ተሠቃይቶ ይሞታል። አጎትሽ ያን የሚሸከም ሰው አይደለም።»

አሁን ጋሼ የያዘው ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ ራሱ ነው የሸጠለት።

«አምና ትከሻው የተመታ ቀን የተኮሰው ጥይት ስንት ግራም ነበር?»

«አሥራ አራት» አልኩ።

ቶሎ ነው ያልኩት። ሚዛን በመነጽሩ አናት ላይ አሻግሮ አየኝ። «በደንብ ይዘሽዋል» አለ። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው አልኩና ወጣሁ። በሩ ላይ ደወሉ ጮኸ፤ ለካ ጥጡን አውጥቶታል።

እሑድ። 34።

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጋሼ አሮጌውን ጠመንጃ ፈትቶ እየወለወለ ነው። የዘይቱ ሽታ እስከ አልጋዬ መጣ። ያ ሽታ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ይመለሳል።

ያኔ በአየር ጠመንጃ ነበር ያስተማረኝ። ከአጥሩ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ በክር አንጠልጥሎ ከኋላዬ ይንበረከክና መዳፉን ክርኔ ስር ያደርጋል። «ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪ። ግማሹ እዚያው ይቆይሽ። አሁን ቃታውን እንደ እንቁላል ያዢው።» እኔ እስቃለሁ፤ እንቁላል ያለ ሰው ሁሉ ያስቀኛል። እሱ ይጠብቀኛል። ሳቄ እስኪያልቅ ተንበርክኮ ይጠብቃል፣ ጉልበቱ ጭቃ ይሆናል። ቁልፏን የመታኋት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሮጦ ሄዶ ስብርባሪዋን ፈልጎ አመጣልኝ። አሁንም መርፌ ማስቀመጫዬ ውስጥ አለች።

በቆሎው ሲደርስ ማሳው ዳር ያለው የእንጨት ማማ ላይ አብረን እንቀመጥ ነበር። እንዳላወራ አፌ ውስጥ ከረሜላ ይከትብኛል። አሳማዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በቆሎው ራሱ ይንሾካሾካል። እሱ አንድ ተኩሶ አንድ ይጥላል፤ ሁለት ሲተኩስ አላየሁም። ሰደፉ ትከሻውን ሲመታው «እሺ» ይላል ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳናገረው።

ተንኮልም ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህን ማንም አያምንም። አሥር ዓመቴ ላይ የካፖርቱን እጅጌ ጫፍ ሰፋሁበት። ለብሶት እጁ አልወጣ ሲል ምንም ሳይል እንደዚያው እራት ቀረበ፣ በተሰፋ እጅጌ ማንኪያ ያዘ። በሳምንቱ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ከበደኝ፤ ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ጡብ ተሸክሜ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ሕጉ ይህ ነበር። እኔ አደርጋለሁ፣ እሱ ሳምንት ሳይሞላ ይመልሳል። ቁጣ የለም። እንቁራሪቷን ቦት ጫማው ውስጥ ስከት እንኳ አልተቆጣም፤ በአምስተኛው ቀን እንቁራሪቷ ትራሴ ስር ነበረች፣ ያውም በአንገቷ ላይ ሪባን ታስሮ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድም አልመለሰልኝም። አንድ ጊዜ ልሞክረው ብዬ የጫማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አስቀመጥኩ። አድርጎ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ «ግራና ቀኙንም እያምታታሁ ነው» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ላይ እጄን ሰበሰብኩ።

አምና ትከሻው የተመታ ቀን የሆነው ይህ ነው። ጋሼ ለዚያ ጠመንጃ ሁለት ዓይነት ጥይት በሁለት ሳጥን ያስቀምጣል። አንዱ ለልምምድ ነው፤ ስምንት ግራም እርሳስ፣ ባሩዱ የተቀነሰ፣ ልጅም ይተኩሰዋል። ሌላው ለትልቅ አሳማ፣ አሥራ አራት ግራም። ሳጥኖቹ ተምታቱ። በቃ።

ረቡዕ። 31።

ለሰደፉ ትራስ እሠራለሁ ብዬ ከቁርጥራጭ ስፖንጅ ጠቅልዬ ሰፋሁ። እትዬ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ እንጨት ድረስ ወረደ።

«ይሄ ለመቀመጫ ነው። ለምት ሌላ ነው የሚያስፈልግሽ። ልስልስ ያለ ነገር በአንድ ምት ይጨፈለቅና ከእንጨት አይሻልም» አለች። ከጫማ ሠሪው የሶል ላስቲክ አስመጣች። ቆርጠን በቆዳ ለበድነው። አንድም ቀልድ ሳልናገር ዋልኩ። እትዬ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካች፣ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት።

ዓርብ። 29።

ጋሼን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ይዤ ማለቴ ጎትቼ ነው።

ሚዛን መጀመሪያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠለቅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት አሳየን። ጭሱን ወደ ጎን እያስወጣ ርግጫውን በግማሽ ይቀንሳል አለ። ድምፁ ግን እጥፍ ነው፤ ከጎን የቆመ ሰው ጆሮው ይጮኻል።

«ከጎኔ የምትቆመው ይቺ ናት» አለ ጋሼ። «ጆሮ ከሌላት እንዴት አድርጌ ነው የምሰድባት?»

ስድስት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ቀልድ ነው። ሳቄን በሳል ለወጥኩት።

ቀጥሎ ሁለት አርባ ሦስት የሚባለውን ጠመንጃ አወጣ። ትንሽ ጥይት ናት፣ ለትከሻ ማር ናት አለ። ግን የጽሕፈት ቤቱ ደንብ ለዱር አሳማ ከስድስት ነጥብ አምስት ሚሊ የቀጠነ ጥይት አይፈቅድም። ጋሼ እሷን መልሶ ሲያስቀምጥ «ጥሩ ደንብ ነው» አለ።

መጨረሻ ላይ ከጓዳ አንድ አሮጌ አመጣ። ስድስት ነጥብ አምስት፣ ሰደፉ ዋልነት ከሚባል ከባድ እንጨት፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ ከአራት ኪሎ በላይ። ሌላ ከተማ የተዛወረች የእንስሳት ሐኪም ጠመንጃ ነበር። እርሳሱ ዘጠኝ ግራም። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፤ አሳማ ይጥላል፣ ሰው አይጥልም አለ ሚዛን። ጋሼ ትከሻው ላይ አስጠጋው። ሰደፉ ለክንዱ ትንሽ አጠረ። እኔ ከቦርሳዬ ትራሱን አውጥቼ ኋላው ላይ ለጠፍኩት። ልክ ሆነ። ሚዛን ትራሱን አገላብጦ አየና «ይቺን የሰፋት ማን ነው?» አለ። ጋሼ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

ከፈተናው በኋላ ከተስማማው ሊቀያየሩ፣ እስከዚያ አሮጌውን እዚያ ልንተው ተባለ። ጋሼ ራሱ ይዞ ወደ መደርደሪያው ወሰደው። የጠመንጃው አንገት ላይ የተጫረ ቦታ አለ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ከማማው ስወድቅ ይዤው የወደቅኩ ጊዜ የተጫረ። በአውራ ጣቱ ሄድ መለስ አደረገበት። ከዚያ አስቀመጠው።

ሰኞ። 26።

አዲሱ አሮጌ ጠመንጃ ተሞከረ። መጀመሪያ እኔ ተኮስኩ። ይሄ አይራገጥም፤ ትከሻ መታ መታ አድርጎ «እንዴት ነሽ» የሚል ጠመንጃ ነው።

ጋሼ አምስት ተኮሰ። «አመመህ?» ስለው «ምንም» አለ። እውነቱን ነው፣ ከንፈሩ ላይ ጥርስ የለም። ኢላማው ላይም ቀዳዳ የለም። አምስቱም አፈር።

ርግጫው ከትከሻው ወርዶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ለዚያ ትራስ መስፋት አልችልም።

ዓርብ። 22።

ሚዛን ቤት ድረስ መጣ፣ በኪሱ አራት ባዶ ጥይት ይዞ። ከውጭ እንደ እውነተኛው ናቸው፣ ከውስጥ ባሩድ የላቸውም። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ጋሼ ፊቱን ያዞራል። ሌላ ሰው አንዳንዴ ሙሉውን፣ አንዳንዴ ባዶውን አጉርሶ ይሰጠዋል። ምን እንደገባ አያውቅም። ባዶው ላይ ቃታ ሲስብ አፈሙዙ ከተወዛወዘ ያ ድንጋጤው ነው፤ በዓይኑ ያየዋል። እያየው ይለቀዋል።

«ታዲያ የሚያጎርሰው ማን ይሁን?» አለ ሚዛን።

«መዘዝ» አለ ጋሼ። መዘዝ እኔ ነኝ።

«እኔ አልችልም» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። ሰውን ሳያውቀው ነገር ማጉረስ ሥራዬ እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሥራ ይበዛብኛል» አልኩ። «እትዬ አትለቀኝም።»

«እትዬን እኔ እጠይቃታለሁ» አለ ጋሼ። «ሌላ ሰው አልፈልግም። አንቺ ሳጥን አታምታቺም።»

እሑድ። 20።

ጀመርን። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል። የቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ያን ቀን የጠመንጃው መነጽር የቆረጠው፣ ከጎን ይታየኛል። የታጠፈ ክር ይመስላል።

የመጀመሪያዋ ባዶ ነበረች። ቀጭ አለች። አፈሙዙ ግን ወፍ እንደተቀመጠችበት ቅርንጫፍ ወደ ታች ደፋ አለ። ጋሼ ዝም ብሎ አየው። «ምንም ሳይኖር» አለ። «ምንም ሳይኖር ነው የደነገጥኩት።»

አሥር ጊዜ አደረግን። ሲያልቅ «የሚገርመው» አለኝ፣ «አሁን የገባው ሙሉ ይሁን ባዶ ሳላውቅ ስቆም ይቀለኛል። በራሴ እጅ ያጎረስኩት ነው የሚያስፈራኝ።»

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ዓርብ። 15።

ከአሥር ባዶ ሁለቱ ላይ ብቻ ተወዛወዘ። ሙሉዎቹ ክቡ ውስጥ መግባት ጀምረዋል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ጥይት ልግዛለት ብዬ ሱቅ ስገባ ጋሼ ቀድሞኝ እዚያ ነበር። ጓዳ ሆነው ከሚዛን ጋር ያወራሉ። ደወሉ አልጮኸም፤ እጄን በበሩ ክፍተት አሾልኬ ምላሱን በጥጥ ጠቅልዬው ነበር፣ ለጨዋታ ብዬ።

«ፈተናው ላይ አልቀርብም» ይላል ጋሼ። «ፈቃዱን ራሴ እመልሳለሁ።»

«እየመታህ?»

«ጠመንጃው መልካም ነው። ትከሻዬም ድኗል። እኔ ነኝ ያልዳንኩት። አሥራ ስምንት ዓመት በእነዚያ ሳጥኖች አልተሳሳትኩም፤ ከዚያ አንድ ቀን በገዛ እጄ ከባዱን ከልምምዱ ቀላቀልኩ። መቀላቀሌን አላስታውሰውም። እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም። አባቴን የመርሳት በሽታው እንዲህ ነው የጀመረው። ዛሬ ጥይት ያምታታ ሰው ነገ ማሳው ውስጥ ያለውን ሰው ከአሳማ ያምታታል።»

ሚዛን ወንበር ሲስብለት ሰማሁ።

ጥይቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ቅዳሜ። 14።

ልነግረው ነበር። አጥሩ ጋ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ሲልጥ ሄድኩ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን...»

«የትኛውን ቀን?»

«ለእንቁራሪቷ ሪባን ያሰርክላትን ቀን። ሪባኑን ከየት አመጣኸው?»

ብዙ አሰበ። «አላስታውስም» አለ። ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ስሙን አላውቀውም። ጥያቄዬን ብበላው ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ። 12።

እሺ፣ ልጻፈው። እጄ ካለመደው አፌ አይወጣውም።

ሳጥኖቹ አልተምታቱም። እኔ ነኝ። ጓደኞቹ ልምምድ ሊያዩ መጥተው ነበር። ጋሼ ያቺን ቀላል ጥይት ጠመንጃውን ለቀቅ አድርጎ፣ እያወራ፣ እየሳቀ እንደሚተኩስ አውቅ ነበር። ከከባዱ ሳጥን ሦስት አውጥቼ ከልምምዱ ሳጥን ላይኛው ረድፍ ሰካሁ። ሲያስፈነጥረው ይዘላል፣ እንስቃለን፣ በሳምንቱ ጡብ ይሰጠኛል። ይህን ነበር ያሰብኩት። ከዚህ የራቀ አላሰብኩም።

አላየም። ወሬ እየነገራቸው በጣቱ ብቻ ወስዶ አጎረሰ፣ በሳጥኑ እርግጠኛ ስለነበር። ሰደፉ ድሮ ተሰብሮ የነበረው የትከሻው አጥንት ላይ አረፈ። መነጽሩ ቅንድቡን ቆረጠው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲወርድ መጀመሪያ ያደረገው እኔን መፈለግ ነው፣ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብሎ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍተው የቀሩትን ሁለቱን አዩ። ማንም ሳይጠይቀው «የኔ ጥፋት ነው» አለ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀድሞኝ ስለተናገረ ዘጋሁት። መዝጋቱ እንዴት እንደቀለለኝ አሁን ስጽፈው ነው የማውቀው።

ከምሳ በኋላ ነገርኩት። ከላይ ያለውን በሙሉ። ደብተሩን እያየሁ አነበብኩለት፤ ፊቱን እያየሁ አልችልም ነበር።

ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

«ሦስቱንም?» አለ።

«ሦስቱንም።»

«የጫማውንም?»

«የጫማውንም።»

«ምድጃው በርቶ ያደረውስ?»

«እሱ አንተ ነህ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ሒሳብ እንደገባለት ሰው። ተነሣና ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ሊልጠው ያወጣው ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ማክሰኞ። 11።

ዝም።

ሐሙስ። 9።

ዝም። ሰሃኔን ያቀርብልኛል። ስሜን አይጠራም፣ መዘዝም አይለኝም።

እሑድ። 6።

ዛሬ ያጎረሰችለት እትዬ ናት። በሥራ ሽርጧ፣ መርፌው ደረቷ ላይ እንደተሰካ። ከመጋዘኑ ጥግ ሆኜ አየኋቸው። ያ የእኔ ቦታ ነበር።

«ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም። ኮስታራ ነው። አንድ ጊዜ ግን ብቻውን ሳቀ።»

«በምን?»

«"ጡብ" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ።»

ዓርብ። ነገ ነው።

ወረቀቱን ከቆርቆሮው አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ሊቀርብ ነው። እንቅልፍ የለኝም።

ቅዳሜ። ፈተና።

ሳልጠራ ሄድኩ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ፈታኙ ወፍራምና ጨዋ ሰው ነው፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ጋሼ ከወደቀ ሥራውን የሚወስድ፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ ጎረምሳ አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል።

የመጀመሪያዋ ክቡ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋን ራሱ ሲያጎርስ ጣቱ ጥይቷ ላይ ሁለቴ ተመላለሰ፤ አገላብጦ አያት፣ መልሶ አያት። ሲተኩስ ክርኑ ተርገበገበ። አፈር።

ጠመንጃውን አወረደ። ወደ አጥሩ ዞሮ አየኝ፤ እዚያ እንዳለሁ ከመጀመሪያው ያውቅ ኖሯል።

«አንቺ መዘዝ።»

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያልሰማሁት ስም ነው።

«ነይ አጉርሺልኝ።»

ፈታኙ ሰዓቱን ትቶ ደንቡን አገላበጠ። «ማን ያጉርስ የሚል የለም» አለ። «የሚተኩሰው ባለፈቃዱ ራሱ ይሁን ብቻ ነው የሚለው።»

ጋሼ ጠመንጃውን ሰጠኝና ጀርባውን አዞረ። ወደ ሰማዩ አየ። «ሙሉ ይሁን ባዶ አትንገሪኝ» አለ።

ቀኝ ኪሴ ውስጥ ከልምምዱ የቀረች ባዶ ጥይት ነበረች። ነካኋት። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ ነካኋት፤ ጣቴ የለመደውን ያውቃል። ከዚያ ከጠረጴዛው እውነተኛዋን አንሥቼ አጎረስኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ እንቁላል። ሳያይ ተቀበለኝ። ትንፋሹን ግማሹን አወጣ።

ድምፁ ከመጣ በኋላ ነው ዓይኑን የጨፈነው። «እሺ» ሲል ሰማሁት።

ፈታኙ በወፍራም እግሩ ኢላማው ድረስ ሄዶ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና በጣቶቹ ሁለት አሳየን።

ቤት ልንደርስ ስንል «ኪስሽ ውስጥ ያለችውን ለሚዛን መልሺለት» አለኝ።

እሑድ።

አርፍጄ ነቃሁ። ወጥ ቤት ስገባ የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ እስካውቅ ቆየሁ። ልጥፉ ሁሉ የለም። «የጓሮ ቁልፍ» የለም። «ወረቀት» የለም። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘበት አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። «ምድጃውን አጥፋ» የሚለው ብቻ አለ፤ እሱ የራሱ ነው። እና ሁለቱ ቆርቆሮዎች፣ ስኳርና ጨው፣ እነሱን ረስቷቸዋል ብዬ አሰብኩ።

ሻዬ ተቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከ«ስኳር» ቆርቆሮ እንደ ልማዴ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ተጎነጨሁ።

ጨው ነው።

ቀና ስል ጋዜጣው ተገልብጦ ነው የተያዘው፣ ጫፉም ይንቀጠቀጣል።

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።